ድልድይ የሆንበት አውድማ

ዛሬ የማላውቃትን ሴት አልቅሼ መጣሁ።

እንዲህ ነው የሆነው። ጠዋት ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ «አያ ሞላ፣ መሐንዲስ አለልኝ አርፈዋል አሉ፤ ለቅሶው ቀሐ፣ እህታቸው ቤት ነው» ብላ ነገረችኝ። ጋቢዬን ደርቤ፣ ዘንጌን ይዤ ወጣሁ። ቀሐ ስደርስ ድንኳን አየሁ። ድንኳን ያየ ሰው ይገባል እንጂ «የማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል? ገና ከደጁ ድምፄን ለቀቅሁት። «ወይኔ ወንድሜን! ወይኔ ድንጋይ የሚያናግረው!» እያልሁ ደረቴን እየደቃሁ መሐል ገባሁ። ሰዉም ለወጉ አብሮኝ አለቀሰ። ጥቂት ቆይታ አንዲት ጠና ያለች ሴት የጋቢዬን ጫፍ ሳብ አደረገችና በጆሮዬ «አባቴ፣ የሞቱት እኮ እናታችን ናቸው» አለችኝ። ያኔ ንፍሮውን ተቀብዬ ግማሹን አድርሼዋለሁ። ትቼ ልውጣ ብል ነውር፣ ልቀመጥ ብል የባሰ ነውር። ንፍሮውን ጨረስሁ፣ እናታቸውን «ነፍስ ይማር» አልሁ፣ ወጣሁ። የአለልኝ ለቅሶ ሁለት አጥር አልፎ ነበር። እዚያ ስደርስ እንባዬ አልቋል። ሌሎቹ ሲያለቅሱ እኔ ቁጭ ብዬ ሰውየውን አስታውስ ጀመር።

የተዋወቅነው በጃንሆይ ዘመን ነው፤ ጣሊያን ከወጣ ብዙ ክረምት አልፏል። እኔ የጭነት ማኪና እነዳለሁ፤ እሱ ውጭ አገር ተምሮ ጎንደር መንገድ ሥራ ተመድቧል። «እሱ» የምለው እኩያዬ ስለነበረ ነው እንጂ እንደ ሰውነቱማ አንቱታም ያንሰው ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ትንሽ ጎበጥ ያለ ሰው ነው። ሲስቅ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው፤ ከነዚያም አብዛኛውን የሳቀው በእኔ ነው።

መጀመሪያ ያስተዋልሁት አውራ ጣቱን ነው። ያገኘውን ሁሉ ይጫናል። ድግስ ተጠርቶ ድፎ ዳቦ ሲቀርብለት፣ ከመቁረሱ በፊት በአውራ ጣቱ ጫን ያደርግና እንዴት እንደሚመለስ አንገቱን ቀለስ አድርጎ ያያል። ባለቤቲቱ ደንግጣ «ምነው ጌታው፣ አልበሰለም?» ትላለች። እሱ «የለም፣ ሸጋ ነው። ብቻ መሐሉ ቀስ ብሎ ነው የሚነሣው» ይላታል። ሳሙና ይጫናል፣ ቅቤ ይጫናል፣ እርጥብ ጭቃ ካየማ ከመንገድ ወጥቶ ሄዶ ይጫናል። አንድ ቀን ትከሻዬን ጫን አደረገና «ሞላ፣ አንተ የምትሰበረው እዚህ ጋ ነው» አለኝ። ከብዙ ዘመን በኋላ ከማኪና ወድቄ የተሰበርሁት ግን እግሬን ነው። እሱ ተሳስቶ አይደለም፤ እኔ ስሰበር እንኳ በደንቡ አልሰበርም።

ሌላው ልማዱ ጥርሱ ነበር። ደረቅ ዘንግ ካገኘ አንዱን ጫፍ ይነክስና ሌላውን ጫፍ ምሰሶ ወይም ግድግዳ ላይ ያስነካል፤ ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ይቆማል። ምን እንደሚሠራ ስጠይቀው «ጆሮ የማይደርስበትን ጥርስ ይሰማዋል። ምሰሶ ሲከብደው ያቃስታል» አለኝ። ተቀብዬው እኔም ሞከርሁ። የሰማሁት የተቦረቦረ መንጋጋዬን ነው።

አንድ ቀን ከደባርቅ ስንመለስ፣ ማኪናዬ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ፣ በተማረበት አገር ያየውን ማሽን ነገረኝ። ኮምፒዩተር የሚለውን ቃል የሰማሁት ያን ቀን ነው።

«ቁም ሣጥን የሚያህሉ ሣጥኖች በቀዝቃዛ አዳራሽ ተደርድረው አስብ» አለኝ። «ብረት ይሁን ድንጋይ፣ ድልድይ ይሁን ግድግዳ፣ በሐሳብህ ትቆራርጠዋለህ። ለእያንዳንዱ ቁራጭ ጎረቤቱ ማን እንደሆነ፣ ጎረቤቱ ሲገፋው ምን እንደሚያደርግ ትነግረዋለህ። ከዚያ ከላይ ሸክም ታስቀምጣለህ። ማሽኑ ከቁራጭ ቁራጭ እየዞረ ማን ምን ያህል እንደተጫነ ይቆጥርልሃል። የት ጋ እንደሚሰነጠቅ ታያለህ፤ ድልድዩ ግን ምንም ሳይሆን በቦታው ቆሟል።»

«ሳትሰብር ሰብረህ ማየት ነዋ!»

«እሱ ነው።»

«እኔ ደግሞ ሰብሬ ነው የማየው» አልሁት። በዚያው ሳምንት የማኪናዬን ባሌስትራ ሰብሬ ነበርና ሳቀ።

«ታዲያ ይኸ ማሽን ጎንደር መቼ ይመጣል?»

ሳቁ ቆመ። አውራ ጣቱን በመስታወቱ ላይ ጫነ። «በእኛ ዕድሜ አይመጣም» አለ።

እንግዲህ ነገሩ የመጣው በግንቦት መጨረሻ ነው። ከማክሰኝት ወደ ደጋው በሚወጣው መንገድ፣ ገደል ውስጥ፣ በነገሥታቱ ዘመን በኖራ የተሠራች አንድ ቅስት ያላት የድንጋይ ድልድይ ነበረች። ከማዶ ያሉት መንደሮች ተዋጥተው የወፍጮ ሞተር ገዝተዋል። ሞተሩ ማክሰኝት ድረስ መጥቶ በእኔ ማኪና ላይ ተጭኗል። ድልድይዋ ላይ ግን እስከዚያ ቀን አህያና በቅሎ እንጂ ማኪና ወጥቶባት አያውቅም። ክረምቱ ከገባ መንገዱ ጭቃ ይሆናል፤ ሞተሩም እስከ ጥቅምት ይቀራል። ለማዶ ሴቶች ይህ ማለት አንድ ክረምት ሙሉ በድንጋይ ወፍጮ ላይ መንበርከክ ነው።

«ታልፋለች» ወይም «አታልፍም» ብሎ እንዲቆርጥ አለልኝ ታዘዘ። ታልፋለች ካለ የሚያልፈው እኔ ነኝ። ስለዚህ በዚያ ሰሞን ለመሐንዲስ የነበረኝ አክብሮት በጣም ጨምሮ ነበር።

ድልድይዋ ዘንድ ሦስት ሰዎች ተቀበሉን። አያ ፈንቴ የመንደሩ ሰው የሚሰማቸው ገበሬ ናቸው። መሪጌታ ጥበቡ ከማዶው ደብር ናቸው። ወይዘሮ ጥሩነሽ ደግሞ ቤት ለቤት ዞራ የወፍጮውን መዋጮ ያሰባሰበች ሴት ናት።

«ጌታው መሐንዲስ፣ ነገሥታት የሠሯት ናት። ምን ትሆናለች ብለው ነው?» አሉ አያ ፈንቴ።

«ነገሥታቱ ማኪና አላዩም፣ አያ ፈንቴ።»

«ታቦት ተሸክማ የኖረች ናት!» አሉ መሪጌታ።

«የታቦት ክብሩ ነው የሚከብድ፣ መሪጌታ። ይኸ ሞተር ግን ክብር የለውም፤ ክብደት ብቻ ነው።»

ወይዘሮ ጥሩነሽ መዳፎቿን ገልብጣ አሳየችው። ተረከዝ መስለዋል። «እኔ የምጠይቅዎት አንድ ነገር ነው። ክረምቱን ልፍጭ ወይስ አልፍጭ?»

«አላውቅም» አለ አለልኝ።

የተማረ ሰው «አላውቅም» ሲል የሰማሁት ያን ቀን ነው። አለልኝ ገመድ አውጥቶ ድልድይዋን ሲለካ፣ ከሥሯ ገብቶ ድንጋዮቿን አንድ ባንድ በጣቱ ሲነካ ዋለ። ሲመሽ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና «ብቻዬን ብቆጥረው መስቀል ይደርሳል» አለ።

«ያንን ማሽን ይዘኸው ብትመጣ ምን ነበር!» አልሁት። እኔ ዝም ማለት አላውቅበትም።

ከወዲያ ተዳፋቱ ላይ ሰዎች በወንፈል ገብተው ማሳ ሲለቅሙ ነበር። ተሰልፈው ቆመዋል፤ አንዱ ድንጋይ ያነሣል፣ ለጎረቤቱ ያቀብላል፣ ያም ለጎረቤቱ፤ ድንጋዩ ከእጅ እጅ እየሄደ የማሳው ዳር ይደርሳል። አለልኝ እነሱን እያየ በጣም ብዙ ቆየ። አፉ ትንሽ ተከፍቶ ነበር። ከዚያ ብድግ አለ።

«አያ ፈንቴ፣ ወንፈል ልለምን።»

«ወንፈል? ለምኑ? አንቱ እርሻ የለዎት!»

«ለቆጠራ።»

አያ ፈንቴ ወደ እኔ ዞረው «ፀሐይ መትቷቸዋል?» ዓይነት አዩኝ። ከዚያም ወጉን ሊያስታውሱት ፈለጉ። «ወንፈል እኮ ደቦ አይደለም። የወሰዱትን ቀን በቀን ይመልሳሉ። ለእያንዳንዱ ሰው።»

«ለእያንዳንዱ ሰው እመልሳለሁ» አለ።

በማግስቱ አገሩ ሁሉ አውድማው ላይ ተሰበሰበ። አለልኝ በአመድ አንድ ትልቅ ቅስት መሬቱ ላይ ሣለ። ድልድይዋ ተኝታ ማለት ነው። በቅስቱ ላይ በሰልፍ አስቀመጠን። አንድ ሰው፣ አንድ ድንጋይ። በእያንዳንዳችን ፊት በከሰል የተጻፈበት ጠፍጣፋ ድንጋይ አኖረ፤ ከሚደርስህ ስንቱን ለግራ፣ ስንቱን ለቀኝ እንደምትሰጥ፣ ስንቱን እንደምታስቀር የሚናገር ነው። ሌሊቱን ሲሠራው ያደረው ይህንን ነው።

አቀማመጡ ላይ ጠብ ተነሣ። መሪጌታ ጥበቡ የቅስቱ አናት ካልሆንሁ አሉ። አናቱ ተሰጣቸው። እኔ ከእሳቸው ቀጥዬ ተቀመጥሁ። ወይዘሮ ጥሩነሽ ከእግሩ፣ ድልድይዋ መሬት ከምትረግጥበት ደረሳት።

«እዚህ የሚቀመጥ ምን ያደርጋል?» አለች።

«ከላይ የመጣው ሁሉ በመጨረሻ እርስዎ ላይ ይወርዳል» አላት።

«ድንጋይም ብሆን ሴት ነኝ ማለት ነው።»

ሕጉ እንዲህ ነበር። በየጭናችን እህል ተቆጠረልን፤ ሽምብራ መግፋት ነው፣ ባቄላ መሳብ ነው። ሁለቱ አንድ ጭን ላይ ከተገናኙ ይጣፋሉ፤ ወደ ኋላ ይጣላሉ። «ስጡ!» ሲል ሁላችንም በአንድ ጊዜ ለግራና ለቀኝ እንሰጣለን። «አጣፉ!» ሲል እናጣፋለን። የሚሰጥ ሰው እስኪጠፋ ድረስ ይህንኑ እንደግማለን። «ድንጋይ ሲገፉት ይችላል» አለ ከቅስቱ መሐል ቆሞ። «ሲስቡት ግን አይችልም። በመጨረሻ ጭኑ ላይ ባቄላ የቀረበት ሰው፣ እሱ ጋ ነው የምትከፈተው።»

ጀመርን። ስጡ! አጣፉ! ስጡ! አጣፉ! አውድማው እንደ ማኅሌት ደመቀ። ጥቂት እንደሄድን አለልኝ ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞረ ጭናችንን ያይ ጀመር። ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ። ፊቱ ጠቆረ።

«ኃይል ጎድሏል» አለ። «ኃይል እንዲሁ አይጠፋም። መሬት እስክትደርስ ከአንዱ ወደ አንዱ ትሄዳለች እንጂ አትጠፋም። የት ገባች?»

ሁሉም ጸጥ አለ። በጸጥታው መካከል አንድ ነገር ቀጨም ቀጨም ሲል ተሰማ።

«መሪጌታ!» ብላ ጮኸች ወይዘሮ ጥሩነሽ። «የድልድይዋ አናት ያኝካል!»

ለካ ሴቶቹ ሽምብራውንና ባቄላውን ቆልተው ነው ያመጡት። ወንፈል የተጠራ ሰው ይበላል፤ ለመብል እንጂ ለሌላ ነገር ይፈለጋል ብሎ ማን ያስባል? መሪጌታ ብቻ አልነበሩም። እኔ ጭኔ ላይ ከደረሰው መግፋት ይበልጡን በልቼዋለሁ። ከግራዬ የነበረው ሰውዬ መሳቡን ሳይቀር ጨርሷል። አለልኝ መጀመሪያ ተቆጣ፤ ቀጥሎ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ከዚያ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። «በዚያ አገር ማሽኑ አይርበውም ነበር» አለ ዓይኑን እየጠረገ።

ቆሎውን በልተን ጨረስን። ወንዝ ወርደን ጠጠር ለቀምን፤ ነጩ መግፋት፣ ጥቁሩ መሳብ ሆነ። ጠጠር የሚበላ አልተገኘም።

ሁለተኛው ቆጠራ የድልድይዋ የራሷ ክብደት ብቻ ነበር፤ ማኪና የለም። «መጀመሪያ እውነት እንደምትናገሩ ልፈትን» አለ። ስጡ፣ አጣፉ እያልን ቆየን። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ስትደርስ ጠጠሩ ቀስ በቀስ መሄዱን አቆመ። አንድ ሰው ለመስጠት እጁን ያነሣል፤ ያይና መልሶ ያወርዳል። በመጨረሻ ሁላችንም እጃችንን አጣጥፈን ተቀመጥን። ያ ሁሉ ሰው እንዲያ ጸጥ ብሎ ሲቀመጥ ያየሁት በስቅለት ብቻ ነው።

የሁላችንም ጭን ላይ ነጭ ነበር። አያ ፈንቴ ጭን ላይ ብቻ፣ ሁለት ጥቁር።

«ምነው፣ ምን አጠፋሁ?» አሉ ደንግጠው።

«ምንም አላጠፉም። እንሂድ» አለ አለልኝ።

ተንጋግተን ገደሉን ወረድን። አለልኝ ከእግሯ ጀምሮ ድንጋዮቿን እየቆጠረ አያ ፈንቴ የሆኑትን ድንጋይ አገኘ። ከሥሩ አመድ የመሰለ የድንጋይ ሽበት ወርሶት ነበር። ቢላዋ ተቀብሎ ፋቀው። ከሽበቱ ሥር፣ ድንጋዩና ጎረቤቱ በሚገናኙበት፣ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ነበር።

ማንም ያየው አልነበረም። አለልኝም አላየውም፤ ሲለካ አብረነው ውለን ነበርና እናውቃለን። በአንድ አውድማ ላይ የተቀመጡ ገበሬዎች ጠጠር ሲቀባበሉ ውለው፣ ገደል ውስጥ ያለች ድልድይ የት ጋ እንደምትታመም ተናገሩ። መሪጌታ አማተቡ። አያ ፈንቴ ግን ስንጥቁን በጣታቸው ነክተው፣ ከዚያ የራሳቸውን ጎን ነኩ፤ እዚያም ያለ መስሏቸው።

ሦስተኛው ቆጠራ ከነማኪናዋ ነበር። አለልኝ በእንቅብ ነጭ ጠጠር ይዞ፣ ማኪናዋ እንደምትሄደው፣ ከወዲህ እግር ጀምሮ በየሰዉ ጭን እያኖረ ያስቆጥረናል። መጀመሪያ ላይ ደኅና ነበር። ማኪናዋ ከወዲህኛው ትከሻ ስትደርስ ግን ከወዲያኛው ትከሻ ያሉት ሰዎች ጭን በጥቁር ተሞላ። እኔ እንኳ ገባኝ። ወዲህ ስትጫናት ወዲያ ትነሣለች፤ ስትነሣ ትከፈታለች፤ ስትከፈት ደግሞ ሞላ ገደል ውስጥ ነው።

«አታልፍም» አለ አለልኝ።

ጫጫታ ተነሣ። «ጠጠር ስንቆጥር የምንውል እኛ ቂሎች!» አለ አንዱ። «ከሥሯ ይቁሙና ትለፍ! እውነተኛ መሐንዲስ ከሆኑ ከሥሯ ይቁሙ!» አለ ሌላው። አለልኝ ቀና ብሎ አየው። «እኔ ከሥሯ ብቆም ድልድይዋ አታውቀኝም» አለ። «ለእኔ ብላ አትጠነክርም።»

ወይዘሮ ጥሩነሽ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም፤ ጭኗ ላይ የወረደውን የነጭ ጠጠር ክምር እያየች ነበር። አለልኝ ያየው እሷን ነው። ጫጫታውን ትቶ በቅስቱ ዙሪያ ይመላለስ ጀመር፤ በአውራ ጣቱ አየሩን ይጫናል። ወዲህ ይጫናል፣ ወዲያ ይጫናል። በድንገት እንቅቡን አነሣና ጥቁር የያዙት ሰዎች ጭን ላይ ነጭ ጠጠር ገለበጠባቸው። ከዚያ በወዲህኛውም ትከሻ ላይ እንዲሁ።

«ኧረ ጌታው!» አሉ መሪጌታ። «አንዱን ሸክም መቻል ያቃታትን ሌላ ይጨምሩላታል?»

«አጣፉ» አለ።

አጣፋን። እንደገና ማኪናዋን አሳለፈ። ስጡ፣ አጣፉ፤ ስጡ፣ አጣፉ። ከዳር እስከ ዳር አሳለፋት። በመጨረሻ የሁላችንንም ጭን እየዞረ አየ። አያ ፈንቴ ጭን ላይ እንኳ ጥቁር አልነበረም።

አያ ፈንቴ ጭናቸውን መታ አደረጉ። «ኧረ ይኸማ የአህያ ጭነት ነው! አንዱ ጎን እንዳይነሣ ሌላውን ጎን መጫን!»

«አዎ፣ ነው» አለ አለልኝ። «ግን አህያ ጭነቷ ሲያዘነብል ትነግርዎታለች። ድልድይ የምትናገረው ወድቃ ነው። ወድቃ ከመናገሯ በፊት ነው የጠየቅናት።»

በሁለቱም ትከሻዋ ላይ፣ መንኰራኩር የሚያልፍበትን ትተን፣ ድንጋይ ከመርን። መሪጌታ «በድንጋይ ፈንታ እኛ እንቁምባት፣ በጸሎት» ቢሉ እንቢ አለ። «ሰው ለሚዛን አይደረግም» አለ። በስንጥቁ ላይ ኖራ በስሱ ለጥፎ አደረቀ፤ ስንጥቁ ቢላወስ ኖራው ይሰበራል። ከዚያ ወደ እኔ መጣ።

«እጄን ብቻ እይ» አለኝ። «ከፍ ካለ ና። ከወረደ ቁም። ድልድይዋን አትይ፣ ገደሉን አትይ፤ ሰው ቢጮህ አትስማ።»

«ከወደቅሁስ?»

«ተሳስቻለሁ ማለት ነው» አለ። እንዲህ ብሎ የሚያጽናና ሰው አይቼ አላውቅም፤ ደግሞ የሚገርመው፣ ተጽናናሁ።

ገባሁ። ማኪናዬ እንደ እርጉዝ ላም እያቃሰተች ወጣች። እሱ ከማዶ፣ ስንጥቁ በሚታይበት ቋጥኝ ላይ በሆዱ ተኝቷል፤ አንድ እጁን ወደ ላይ ዘርግቷል። ያችን እጅ አየሁ። መሐል ላይ ስደርስ እጁ ወረደች።

ቆምሁ። ከሥሬ አንድ ነገር ጢ...ጥ አለ። አለልኝ ተነሣ፤ አጠገቡ የነበረውን ዘንግ ያዘ፤ አንዱን ጫፍ በጥርሱ ነከሰ፣ ሌላውን ከድልድይዋ ድንጋይ አስነካ፤ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ ከነሞተሩ ገደል ላይ ተንጠልጥዬ፣ ሕይወቴ በአንድ ሰው ጥርስ ላይ ናት። የሌሎች ሰዎች ሕይወት በእግዚአብሔር እጅ ነው ይላሉ። ምን ያህል እንደቆየ አልናገርም፤ ስናገር ሁልጊዜ ይረዝምብኛል። ከዚያ ዘንጉን ከአፉ አወጣ፤ እጁን ከፍ አደረገ።

አለፍሁ።

እልልታው ገደሉን ሞላው። ሰዎች ማኪናዋን ሳሟት፤ መሪጌታ እኔን ሳሙኝ፤ ከእሳቸውና ከእኔ ማን እንደከፋው አላውቅም። አለልኝን ስንፈልገው ቋጥኙ ላይ የለም። ከድልድይዋ ሥር አገኘነው። ኖራው አልተሰበረም ነበር። እሱ ከስንጥቁ ሥር፣ ድንጋይ ላይ፣ አፉን ከፍቶ እንቅልፍ ወስዶታል። አላነቃነውም።

ወንፈሉን በዚያው ክረምት መለሰ። ፈቃድ ወስዶ፣ ዝናብ ሲመታው፣ በየሰዉ ማሳ እየገባ አረመ። ስለ ድንጋይ የሚያውቀውን ያህል ስለ ጤፍ አያውቅም ነበር። አያ ፈንቴ «ጌታዬ፣ በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ ይብቃዎት፤ አረሙን ትተው ጤፌን ነው የሚነቅሉ» ብለው ለመኑት። «የቀኔን ልክ ሳልጨርስ አልወጣም» አለ። አያ ፈንቴ ከኋላው እየተከተሉ የነቀለውን ጤፍ መልሰው ሲተክሉ ዋሉ።

ወይዘሮ ጥሩነሽ እርሻ አልጠየቀችውም። ሞተሩ ያን ጊዜ ተተክሎ እየፈጨ ነው። እሷ ግን አሮጌ የድንጋይ ወፍጮዋ ፊት ወስዳ «የእኔን ወንፈል እዚህ ይመልሱ» አለችው። «ያሻገሩልኝ ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ አለብዎት።» ተንበረከከ። ሲፈጭ ዋለ። ጀርባው ተቆረጠ፣ መዳፉ ተላጠ። የወጣው ዱቄት ለአንድ ሰው ራት አይበቃም፤ ደግሞ ሸካራ ነው። በአውራ ጣቱ ዱቄቱን ጫን አድርጎ አየው። ከዚያ ለእሷ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። ብዙ ሹማምንት ሲገቡ ሲወጡ ለአንዳቸውም እንዲያ ሲጎነበስ አላየሁትም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ድልድይ ሠራ ይባላል። ወደ ሌላ አገር ተዛወረ፤ እኔም መንገዴ ወደ ሁመራ ሆነ። አልፎ አልፎ ሲመጣ እንገናኝ ነበር፤ ትከሻዬን ይጫንና «ገና ነህ» ይለኛል። አሁን ልጆቻችን ኪሳቸው ውስጥ የሚይዙትን ማሽን አይቼ፣ ምን እንደሚሠሩበትም አይቼ፣ ያን አውድማ አስባለሁ። እኔ በዕድሜዬ አንድ ቀን አንድ ትልቅ አሳብ ውስጥ ቁራጭ ሆኜ ነበር። ምን እንደማስብ አላውቅም ነበር፤ ከግራ ተቀብዬ ለቀኝ መስጠት ብቻ ነው የማውቀው። ግን ሁላችንም ስንደመር አወቅን።

ይህን እያሰብሁ በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ቀና ስል፣ ከማዶ ማዕዘን አንድ እጅግ የሸመገሉ ሰው ያዩኛል። አያ ፈንቴ ናቸው። ከዚያች አገር ድረስ በበቅሎ መጥተዋል። ሄጄ ጉልበታቸውን ሳምሁ።

«አንተ ሹፌር፣ አለህ?»

«አለሁ፣ አያ ፈንቴ።»

«መሐንዲሱ የሁሉንም መለሱ» አሉ ወደ ሬሳው ሳጥን እያዩ። «የማንም ቀን አልቀረባቸውም። ያንተ ግን ቀርቷል።»

«የኔ? የምን?»

«ማኪናዋን አሻግረህ መሪህን ጨብጠህ ሄድህ። ድልድይዋ ላይ የከመርነውን ድንጋይ ማን አወረደው? ለበቅሎው መንገድ እንዲከፈት እያንዳንዱ ሰው የከመረውን አወረደ። አንተ የከመርኸውን እኔ አወረድሁልህ። ግማሽ ቀን ነው።»

«ታዲያ ምነው እስከ ዛሬ ሳይጠይቁኝ?»

«ማኪና ያለው ሰው በእግሩ አይመጣም ብዬ ነዋ። አሁን ማኪና አለህ?»

«የለኝም።»

«ሸጋ። ማሽላዬ ደርሷል፤ ወፍ ጨረሰብኝ። ሐሙስ ና።»

«በዚህ ዕድሜዬ ማማ ላይ ልወጣ?»

«ከሥሩ ትቀመጣለህ። ወንጭፍ እሰጥሃለሁ።»

ሊቀንሱልኝ እንደማይችሉ ከዓይናቸው አወቅሁ። ሐሙስ፣ እስከ እኩለ ቀን፣ የአያ ፈንቴ ነኝ።